አንዲት ክር

ካንፑር ውስጥ፣ ከሐዲዱ ወዲህ፣ ከኒሙ ዛፍ ስር፣
አርባ ዓመት ቆመ አባቴ ባንሲላል ከካውያው ጋር።
ተኳሽ ነው ሥራው፤ ጠመንጃ የለው፣ ጠላት የለው፣
ከሰል የጎረሰ ስድስት ኪሎ ብረት ነው መሣሪያው።
በግንቦት ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ከሰል፣ ነፋሱም ትኩሳት፣
ክንዱ ላይ ጨው ይደርቃል፤ ሰው አያማም፣ የሚያማው አልባሳት።

ስምንት ዓመቴ ላይ ዓይኔን በፎጣ አስሮ፣
ጨርቅ ያስጨብጠኝ ነበር ከየደንበኛው ቋጠሮ።
"ምንድን ነው ይኼ?"
"ጥጥ።"
"በምን ለየሽው?"
"ስነካው በረደኝ፤ ወዲያው ግን የእጄን ሙቀት ወረሰው።"

"ጎሽ። ጥጥ ገር ነው፤ እሳት አይፈራም፣ ውኃ ብቻ ይሻል፣
ረጨት አድርገሽ ጫን ስትይው እንደ ደከመ ሰው ይተኛል።
የተልባ እግር ትዕቢተኛ ነው፣ ፍም ካልጋለ አይሰማ፤
ሲሰማም ጌታው ወንበር እስኪስብ ነው፣ ከዚያማ
ጭምድዱን ሁሉ ያስታውሳል።
ሱፍን በጥር ነው የምናገኘው፣ ወንዙ ጉም ሲተፋ፤
እርጥብ ጨርቅ ይግባ መሐል፣ ብረት በቀጥታ እንዳይገፋ።
በግ ነበረና ይደነግጣል፣ ይኮማተራል ተቆጥቶ፤
ሙቀት ሲይዝ ግን ስስታም ነው፤ ካፖርቱ ተሰቅሎ ቆይቶ
ብብቱ ስር እጅሽን ብትከቺ ለብታ አለ፣ ተኝቶ።
ሐር? ሐርን በጀርባው፣ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣
እንደ ሕፃን ጉንጭ፣ ሳትጫኚ፣ ለስለስ።"

ፖሊስተር ሲመጣ ግን ዝም ይላል፤ ግንባሩ ያልበዋል።
"ጥጥ ሊቃጠል ሲል ቢጫ ይሆናል፣ ሱፍ ይሸታል፣ ይነግርሻል።
ይኼ የፋብሪካ ልጅ አያማርርም፣ አይጮህም፣
ችሎ ችሎ ድንገት ይቀልጣል፤ ከዚያ ወዲያ አይመለስም።"

እናቴ ፉልማቲ የሠርጓ ሳሪ ነበራት፣
የባናራስ ሐር፣ በዓመት አንዴ ለዲዋሊ ከቆርቆሮ ሣጥን የምታወጣት።
ሰፈሩ በሙሉ በአባቴ እጅ ተተኩሶ ለበዓል ሲወጣ፣
እሷ ከፍራሿ ስር ነው የምትዘረጋት፣ ዋዜማውን ሌሊት አውጥታ፤
ተኝታባት ታድራለች።
"ሐር ማረፍ ይወዳል" ይላል አባቴ፣ ፊቱን ወደ ፍሙ መልሶ።
"አዎን፣ ማረፍ ይወዳል" ትላለች እሷም፣ ድምጿ ለስልሶ።

አምና በግንቦት አረፈች። ዘንድሮ የልጄ የሱግና ሠርግ ደረሰ፤
ሣጥኑ ተከፈተ፣ ሳሪዋ ወጣች፣ የካፉር ሽታ ቤቱን አለበሰ።
ካውያው ምን ያህል ይሙቅ ብዬ፣ ከጠርዟ አንዲት ክር መዝዤ፣
የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ጠበቅሁ፣ ክብሪቱን በእጄ ይዤ።

"የእሳት ልጅ አመድ" ይባላል። የዚህች እሳት ልጅ ግን ሌላ ናት።
ክሯ ተሸማቀቀች፣ ተንጠባጠበች፣ ጥፍሬ ላይ ቀረች፣
ጥቁር ዶቃ ሆና። ጫንኋት፤ አልደቀቀች።

ቀና ስል አባቴ ከገመድ አልጋው ሆኖ ያየኛል።
ጨርቅ በጣቱ የሚያነብ ሰው! ማን ያታልለዋል?

"ፋብሪካዎቹ የተዘጉ ዓመት ነው" አለኝ፣ ቆይቶ፣
"ሸሚዝ የሚያስተኩስ ሰው ከከተማው ጠፍቶ።"
"እናቴስ? ታውቅ ነበር?"
ሳቀ። ሳቁን ሳል ቀደመው።
"የተኳሽ ሚስት ናት፤ ሐር ቢሆን ኖሮ
ሠላሳ ዓመት ከፍራሽ ስር፣ ከእሳቴ ምን አሸሸው?"

ደንበኛ ጠራኝ፤ አልሰማሁም። ፍሙን አፈር ላይ ደፋሁት።
ማታ ሳሪዋን ከፍራሼ ስር ዘርግቼ፣ ሌሊቱን
ጀርባዬን እንደ ብረት ሰጥቼ፣ ሳልገላበጥ አነጋሁት።

ጠዋት ሱግና ሳብ አድርጋ አወጣቻት፣ ጉንጯ ላይ አደረገቻት።
"ለብ ትላለች" አለች። "ሐር ናት?"
"የአያትሽ ናት" አልኋት።